በሲባጎ የታሰረው ቀለበት

ሻማውን በእጇ ይዛው ነበር። ከቀኟ ተቀብላ፣ ነበልባሉ አገጯን ሞቅ አድርጓት፣ ለግራዋ አቀብላዋለች። ያኔ ግን ልብ አላለችም። ዊላ ልብ ያለችው ሻማው ከእሷ አልፎ ሌሎች እጆች ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ቀለበቱ ከሻማው ጋር የታሰረው በሐር ጥብጣብ አልነበረም። በሲባጎ ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሥጋ ምድጃ ከመግባቱ በፊት በሚጠፈርበት ነጭ ሲባጎ።

መዝሙሩን ከሌሎቹ ጋር መዘመሯን ቀጠለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ይውጣው አይውጣው ግን አታውቅም። የመመገቢያ አዳራሹ መብራት ጠፍቷል። በረጅሞቹ መስኮቶች የሚታየው የአላባማ ሰማይ፣ ጀንበር ገና ሳትጠልቅ፣ የታመመ ሰው ፊት የመሰለ ቢጫ አረንጓዴ ሆኗል። ከቀትር ጀምሮ ቅጠል አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለ ዝምታ ለማንም ደግ አያመጣም።

የዩኒቨርሲቲው ሴት ተማሪዎች በማኅበር የሚኖሩበት የእህትማማቾቹ ቤት ሥርዓት የታወቀ ነው። ሻማ የሚጠራው ከእህቶቹ አንዷ ቀለበት ስታስር ነው። ማን እንደሆነች የሚያውቁት ራሷና ልጃገረዶቹን የሚጠብቁት የቤቱ እናት ሚስ ኦፓል ብቻ ናቸው። ከእራት በኋላ ነጭ የለበሱት ልጃገረዶች ክብ ሠርተው እየዘመሩ ሻማውን ከእጅ ወደ እጅ ያዞሩታል። ቀለበቱ ከሻማው ወገብ ላይ ይታሰራል፤ የሚታሰረውም ልጁ ባለበት የወንድማማቾች ማኅበር ቀለም በተነከረ ጥብጣብ ነው። የመጀመሪያው ዙር የእህትነት፣ ሁለተኛው የቃል ኪዳን ነው። በሦስተኛው ዙር ባለቀለበቷ ሻማውን እፍ ትለዋለች፤ ከዚያ ጩኸት፣ እቅፍ፣ እንባ። ሦስቱን ዙር ጨርሶ ሳይጠፋ የቀረ ሻማ በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ቢታይ ግን ትርጉሙን ሁሉም ያውቃል፤ ከመካከላቸው ቀለበቷን የካደች አለች ማለት ነው።

ባለቀለሙ ጥብጣብ የሌለው አንድ ዓይነት ልጅ ብቻ ነው፤ የየትኛውም ማኅበር ወንድም ያልሆነ ልጅ። እንደ ሃርላን ያለ። ሃርላን የወጥ ቤት ልጅ ነበር።

የወጥ ቤት ልጆች የሚባሉት እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወንዶች ናቸው። ለዕለት ምግባቸው ሲሉ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ለእህትማማቾቹ እራት ያቀርባሉ፣ ሳህን ያጥባሉ። ክብ መስተዋት ያለው የወጥ ቤት በር ድንበራቸው ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የወጥ ቤት ልጅና እህት አይዋደዱም። ከተዋደዱ እሱ በዚያው ቀን ይባረራል፤ እሷም በማኅበሩ ኮሚቴ ፊት ትቆምና ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ባለፈው መኸር አንዷ ወጥታለች። ፎቶዋን ከደረጃው ግድግዳ ላይ ሲያወርዱት ምስማሩ እዚያው ቀረ። ዊላ በዚያ ባለፈች ቁጥር ምስማሩን ሳታይ አታልፍም።

ከሃርላን ጋር የተዋወቁት በትርፍራፊ ባልዲ ላይ ነው።

ዊላ አዲስ የገባች ሰሞን ነበር። አዲስ ገቢዎቹ ደረታቸው ላይ የሚሰኩት ትንሽ ፒን አለ፤ እሱን የጣለች ጉድ ይፈላባታል። አንድ ቀን ምሳ በልታ፣ ሳህኗን በወጥ ቤቱ መስኮት አቀብላ፣ ደረቷን ብትዳብስ ባዶ ነው። አመድ መስላ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ከመስኮቱ ወዲያ እጅጌውን የሰበሰበ ረጅም ልጅ ቆሟል።

«ምን ጠፋሽ?»

«ፒኔ። እባክህ ቀስ በል፣ ሰው እንዳይሰማ።»

«ከድንቹ ጋር በልተሽው ይሆናላ።»

«አትቀልድ! ያባርሩኛል እኮ!»

ልጁ ፊቷን አየና ቀልዱን ተወው። ባልዲውን ወለሉ ላይ ገልብጦ፣ ተንበርክኮ፣ የዚያን ሁሉ ሰው ትራፊ ድንችና መረቅ በእጁ ይበረብር ጀመር። ሲያገኘው በቧንቧ ውሃ አጥቦ፣ በሽርጡ አድርቆ፣ በመስኮቱ አቀበላት። ጣቶቹ ከጣቶቿ ትንሽ ዘግይተው ተለያዩ።

«አመሰግናለሁ። እንዴት ብዬ...»

«ነገ ምሳሽን ብዪበት። ከመጣሽ ጀምሮ ከቂጣው በስተቀር የነካሽው የለም።»

«አንተ የሰው ሳህን ትሰልላለህ?»

«የሁሉንም አይደለም» አለ።

ከዚያ በኋላ ፍቅራቸው በዚያ መስኮት አደገ። አንድ ሳህን ሲቀበል አንድ ቃል፤ አንድ ብርጭቆ ስትመልስ አንድ እይታ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ከወንዙ ዳር ካለው አሮጌ የጀልባ መቆሚያ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሰው ሲመጣ እሱ ቀድሞ ይነሳና እንደማያውቃት ይሄዳል። እሷም ጀርባው እስኪሰወር ታየዋለች።

ቀለበቱንም ያየችው እዚያው ወንዝ ዳር ነው። አንገቱ ላይ ካለው ክር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ሰማያዊ ድንጋይ ያለው የሴት ቀለበት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአያቴ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልብስ ስታጥብ ነው የተሸረፈው። ስትሞት ለሚገባው ጣት ስጠው ብላኛለች።»

«ታዲያ ጣቱ ተገኘ?»

ሃርላን እጇን አየው። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል።

«ተገኝቷል። ግን ፈሪ ጣት ነው» አላት።

ሳቀች። ኋላ ክፍሏ ገብታ ስታስበው ግን ሳቁ ጠፋባት።

እውነቱን ነው፤ ፈሪ ናት። ፈሪ ሆና ነው ያደገችው። እናቷ ከወንዙ በታች ካለችው ትንሽ ከተማ በየቀኑ ትደውላለች፤ ዛሬም ጠዋት ደውላ ነበር።

«ዊላ፣ ሰማዩን አይተሽዋል?»

«ገና ጠዋት እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ይሄ ሰማይ አላማረኝም። ደግሞ ማታ ማታ ሻማ ይዛችሁ በጨለማ ትቆማላችሁ አሉ። ፀጉርሽን ታስሪያለሽ?»

«አስራለሁ።»

«በቀጭን ቀሚስ እሳት አይያዝም። እነዚያ ልጆች እህት እህት ይሉሻል፤ ይበሉሽ፣ ደስ ይለኛል። ግን ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ልጄ።»

እናት እንዲህ ናት። ዊላ ትቆጣታለች፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ቃሉ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ብቸኛ ልጅ ናት። እህት ማለት ምን እንደሆነ ያወቀችው እዚህ ቤት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ትኩሳት ሲጥላት ሌሊቱን ሙሉ ጨርቅ እያራሰች ግንባሯ ላይ ያደረገችላት ታላቅ እህቷ ማርጎ ናት። ታላቅ እህት ማለት በማኅበሩ ደንብ ለአዲሷ ልጅ የምትመደብላት ናት፤ ማርጎ ግን በደንብ ሳይሆን በልቧ ነበር የያዘቻት። ሃርላንን ብትመርጥ ይሄ ሁሉ ይቀርባታል። ይሄን ብትመርጥ ሃርላን ይቀርባታል። ለዚያ ነው አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ሁለቱንም በሹክሹክታ የያዘችው።

አሁን ሁለተኛው ዙር መጣ።

ሻማው ከቀኟ ወደ እጇ ሲገባ፣ በዚህ ጊዜ ዓይኗን ወደ ታች ጣለች። ሲባጎው ሁለቴ ዞሮ ታስሯል። ቋጠሮው ላይ ቀለበቱ ተንጠልጥሏል። ሰማያዊ ድንጋይ። የተሸረፈ ጠርዝ።

ቀለበቱን አወቀችው።

እሷ ሻማ አልጠራችም። ሃርላን ቀለበቱን አልሰጣትም። እንግዲያው ማን አሰረው? ከአንገቱ ማን ፈታው? ሳህን ሲያጥብ ክሩን አውልቆ የወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ነግሯታል። አንድ ሰው ገብቶ ወስዶታል። አንድ ሰው አውቋል። አውቆም፣ በሰው ሁሉ ፊት ማን እንደምትርበተበት ሊያይ ከሻማው ጋር አስሮታል።

ቀና ስትል ከክቡ ማዶ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ፔይተን በቀጥታ እያየቻት ነበር። ባለፈው መኸር ፎቶውን ያወረደችው ፔይተን ናት።

ዊላ ሻማውን ለግራዋ አቀበለች። በግራዋ የቆመችው ማርጎ ናት። የማርጎ እጅ ሻማውን ሲቀበል ትንሽ ቆም አለ።

መዝሙሩ ቀጠለ። ከውጭ፣ ከሩቅ፣ ነጎድጓድ አንዴ አጉረመረመ። ሻማው እየተንቀሳቀሰ አንዱን ፊት ከጨለማ ያወጣል፣ ሌላውን ይመልሳል። የሚያውቋት፣ ፀጉሯን የጎነጎኑላት፣ ልብሳቸውን ያዋሷት ፊቶች ናቸው፤ በዚያ ብርሃን ግን ሁሉም ሌላ ሰው መሰሉ።

በሦስተኛው ዙር መጀመሪያ የወጥ ቤቱን በር አየችው። ከክቡ መስተዋት ወዲያ ሃርላን ቆሟል። ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ ነው። እሷን፣ እሷን ብቻ እያየ ነው። ፈገግ ያለም መሰላት።

ምን ያስቀዋል? አላወቀም ማለት ነው። ወጥመድ ውስጥ መሆኑን አላወቀም። እፍ ብትለው ያባርሩታል፤ ግንቦት ላይ ሊመረቅ፣ ለጥቂት ሳምንት ሲል። ተዪው፣ ይለፍ፣ አለች በልቧ። ይለፍ፣ ኋላ አስረዳዋለሁ።

ሻማው እጇ ገባ። ነበልባሉ ከከንፈሯ ፊት ለፊት ሆነ። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚበቃው። ትንፋሹ ደረቷ ውስጥ ነበር፤ አልወጣም። ሰሙ ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ።

ለማርጎ አቀበለቻት።

ማርጎም እፍ አለችው።

አዳራሹ ባንድ ጊዜ ጨለመ፤ ቀጥሎ ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

«ማርጎ! አንቺ ሌባ!»

«ለእኛ ሳትነግሪ? ለእኛ?»

«ቤከት መቼ ነው የጠየቀሽ? ትናንት እኮ ከሱ ጋር ተጣላሁ ብለሽ ስታለቅሺ ነበር!»

መብራቱ በራ። አንዷ ሻማውን ነጠቀች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሲባጎ? ቤከት ጥብጣብ መግዣ አጣ እንዴ?»

ሳቁ ተንከተከተ። ማርጎም ሳቀች፤ ፊቷ ግን እንደ ቀሚሷ ነጭ ነበር።

«የቤከት ማኅበር ቀለም ሰማያዊና ወርቃማ መስሎኝ» አለች ፔይተን፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

«ጥብጣቡ ጠፋብኝ። በቸኮልኩበት ያገኘሁትን አሰርኩበት።»

ዊላ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረች። መስተዋቱ ባዶ ነው። ከወጥ ቤቱ ወዲያ የኋላው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማች።

ማርጎ ቀለበቱን ከሲባጎው ፈትታ፣ የዊላን ክንድ ይዛ፣ እየሳቀችና ለሁሉም እጇን እያውለበለበች፣ ከደረጃው ሥር ወዳለው የአንሶላ ክፍል ጎትታ አስገባቻት። በሩን እንደዘጋች ሳቋ ወደቀ።

«እጅሽ እንደዚያ እየተንዘፈዘፈ ማንን ልታታልዪ ነው?»

«ታውቂ ነበር?»

«ከገና ጀምሮ። ሳህን ልትመልስ ስትሄድ ፀጉሯን የምታበጥር ልጅ ካንቺ በስተቀር አላየሁም።»

«ማርጎ፣ ለምን እፍ አልሽው?»

«ምን ላድርግ? ፔይተን ያሰረችው መሰለኝ። ዙሩ ሊያልቅ ነው፤ ካለቀ ማን ናት ተብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ ይመጣል። አንቺ ደግሞ ዓይንሽ ይናገራል። ካንቺ እኔ ይሻላል አልኩ።»

«ቤከትስ?»

ማርጎ የአንሶላዎቹን መደርደሪያ በጣቷ ዳበሰችው።

«ቤከት ነገ ጠዋት ከሰው አፍ ይሰማል። የሌላ ወንድ ቀለበት እፍ አለች ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

በሩ ተንኳኳና ሚስ ኦፓል ገቡ። ሽበታቸውን ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አስይዘዋል፤ እጃቸው ግን ዕረፍት አጥቶ የሹራባቸውን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል።

«ማርጎ፣ ምን አደረግሽ ልጄ?» አሉ።

«ሚስ ኦፓል፣ ቀለበቱን ማን እንዳሰረው እርስዎ ያውቃሉ?» አለች ዊላ።

«ራሱ ነዋ።»

ዊላና ማርጎ ተያዩ።

«በቀትር ወደኔ መጣ። የዛሬውን እራት አቅርቤ ሽርጤን አስረክባለሁ አለኝ። ግንቦት ላይ በሰሜን በኩል የድልድይ ሥራ አግኝቷል። ሻማ ይጥሩልኝ አለኝ። የኔ ልጅ፣ ሻማ የምትጠራው እኮ ልጅቷ ናት፤ ከተጠየቀችና እሺ ካለች በኋላ ነው አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከበር ወዲያ መዝሙሩን ሰምቶ፣ ሥርዓቱን ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ‹በሁሉም ፊት ከጠየቅኋት መደበቁ ያበቃል፤ እፍ ካለችው እሺ ማለቷ ነው› አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አሮጊት ስትሆኚ፣ እንዲህ የሚያይ ልጅ ፊት ለፊትሽ ሲቆም እምቢ ማለት ያቅትሻል።»

«እና አሁን የት ነው?»

«ሽርጡን ሰቅሎ ወጣ። ‹መልሱን አይቻለሁ› ብቻ አለኝ።»

ወጥመድ አልነበረም። ጥያቄ ነበር። ለጥያቄው ሦስት ጊዜ በእጇ መልሳለታለች።

ያን ጊዜ የከተማው የአደጋ ጡሩምባ ጮኸ። ከዝቅተኛ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ፣ ግድግዳውንና ጥርስን የሚያንዘረዝር ድምፅ። በሚያዝያ ወር በዚያ አገር ያደገ ሰው ትርጉሙን አይጠይቅም፤ አውሎ ነፋስ መሬት ነክቷል ማለት ነው።

«ወደ ምድር ቤት!» አሉ ሚስ ኦፓል፣ ከዚያ ቀጭን ሰውነት ይወጣል በማይባል ድምፅ። «ጫማ የለም፣ ቦርሳ የለም! ውረዱ!»

ልጃገረዶቹ በነጭ ቀሚሳቸው ወደ ደረጃው ጎረፉ። ዊላ ግን በተቃራኒው፣ ወደ ፊት ለፊቱ በር ነበር የምትሄደው። ማርጎ ደርሳ እጇ ውስጥ አንድ ነገር አስጨበጠቻት። ቀለበቱ ነው።

«ዊላ!» ፔይተን ከደረጃው አፍ ላይ ቆማለች። «አብደሻል? የት ነው የምትሄጂው?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጡሩምባው ለአፍታ ወረድ አለ፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማችው። ከምትፈራው ይልቅ የጸና ነበር።

«ቀለበቱ የኔ ነው። ማርጎ እኔን ስትሸፍን ነው፤ ለቤከት እንዲህ ብላችሁ ንገሩት። ያሰረው ሃርላን ነው፤ የወጥ ቤቱ ሃርላን። ውጭ ነው ያለው። ላመጣው ነው።»

ደረጃው ላይ የነበሩት ባሉበት ቆሙ።

«ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። ታውቂያለሽ» አለች ፔይተን። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ነው የከፋው።

«አውቃለሁ።»

«ሂጂ ካልሽ ሂጂ!» አሉ ሚስ ኦፓል በሩን እየከፈቱላት። «ልጆቼ ሁሉ ሳይገቡ አልቆልፍም። ግን ነፋሱ ሰው አይጠብቅም፣ ዊላ። ሩጪ!»

መንገዱ ላይ ነፍስ አልነበረም። ነጫጭ ዓምድ ያላቸው የማኅበር ቤቶች በሁለቱም በኩል በራቸውን ዘግተው ተሰልፈዋል። አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከብዷል፤ ወፍ የለም፣ መኪና የለም። በስተደቡብ በኩል ሰማዩ ወደ ታች የተዘረጠጠ፣ ጥቁር ነው። ዊላ ወደዚያ አላየችም። በባዶ እግሯ ሮጠች።

ሃርላን አሮጌ ፒክአፑን የሚያቆመው መንገዱ መጨረሻ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ሞተሩ ገና አልተነሳም። ሃርላን በሩን ከፍቶ፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ተቀምጧል። ሲያያት ከመቀመጫው ዘለለ።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ጡሩምባው አይሰማሽም?»

«አንተስ አይሰማህም?»

«እኔ የምሰማውን ሰምቻለሁ። ሦስቴ እጅሽ ገባ፣ ዊላ። ሦስቴ አሳለፍሽው።»

«ወጥመድ መስሎኝ ነው!»

«ምን?»

«ሰው ሰርቆ ያሰረብን መሰለኝ። አንተን ሊያባርሩ። እኔን ሊያወጡ። አንተ እንዳሰርከው አላሰብኩም። አንዴም አላሰብኩም።»

ሃርላን ፊቷን ፈለገው፤ ውሸት ሊያገኝበት እንደሚፈልግ ሰው ሳይሆን፣ እንዳያገኝበት እንደሚፈራ ሰው።

«እኔ ልጠይቅሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ያየሽው ወጥመድ ነው።»

«እኔ እንዲህ ነኝ። በር ሲንኳኳ መርዶ መጣ ከምትል እናት ነው የተወለድኩት። ይሄን አውቀህ ካልሆነ አትውሰደኝ።»

ሊስቅ ቃጣው፤ አልሆነለትም።

«ያቺ እፍ ያለችውስ?»

«ማርጎ ናት። እኔን ልታድን።»

«እህቶችሽ ይቀሩብሻል።»

«ነግሬያቸው ነው የመጣሁት። በስምህ።»

የመጀመሪያው ነፋስ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የማግኖሊያ ቅጠሎች እንደ ጥፊ እየተወረወሩ በመካከላቸው አለፉ። ዊላ መዳፏን ከፈተች።

«እንግዲህ ጠይቀኝ።»

«አሁን? እዚህ?»

«ቶሎ በል፣ ሃርላን!»

ጠየቃት። ነፋሱ ቃሉን ከአፉ ላይ ነጥቆ ወሰደው፤ አንዲትም አልደረሳትም። ያየችው ከንፈሩን ብቻ ነው። እሷም መለሰችለት፤ እሱም የሰማው ነገር የለም። ግን ሁለቱም ለአንድ አፍታ፣ ማምለጥ እንዳለባቸው ረስተው፣ ቆመው ተያዩ።

ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጡ። በረዶው አስፋልቱ ላይ እየነጠረ ጀርባቸውን ይወግራል። አንድ ቦታ ላይ የመብራት ምሰሶ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ መንገዱም አብሮት ጠፋ። ከበስተኋላቸው ረጅም ባቡር በድልድይ ላይ ሲያልፍ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይመጣል። በዚያ ሰፈር ባቡር የለም።

ሚስ ኦፓል የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የእጅ ባትሪ ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ቆመው ነበር። ሃርላን ደረጃው ሥር ሲደርስ እግሩ ተያዘ። በዚህ በር ገብቶ አያውቅም።

«በኋላ በኩል ልዙር» አለ።

«ልጄ፣ ቀልድ የምታውቅ አይመስለኝም ነበር» አሉ ሚስ ኦፓል። «ግባ!»

የምድር ቤቱ ደረጃ ከላይ እስከ ታች በነጭ ቀሚስ ተሞልቷል። የስልክ መብራቶች ወደ ላይ ዞሩባቸው። አንዷ ፊቷን አዞረች። ሌላዋ ፎጣ ወረወረችላቸው። አንዷ ደግሞ በሹክሹክታ «በስመ አብ፣ እግሯን እዩት» አለች፤ ዊላ እየደማ መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ማርጎ አይኖቿ አብጠዋል፤ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታዋለች። ጠጋ ብላ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች። ፔይተን ከበላያቸው ባለው ደረጃ ላይ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች፤ አልተንቀሳቀሰችም፤ ግን ለማሳለፍ ጉልበቷን ሰበሰበች።

«ነገ ኮሚቴው ይቀመጣል» አለች፣ ዊላን ሳታይ።

«ነገ ከደረስን» አለች ማርጎ።

ማንም አልሳቀም። የላይኛው ፎቅ መስኮቶች መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። የዊላ ስልክ ጮኸ፤ እናቷ ናት። በእርጥብ ጣቷ አልነሳላት አለ፤ ደግሞም መስመሩ ተቋረጠ።

«ሁላችሁም አላችሁ?» አሉ ሚስ ኦፓል ከላይ፣ ድምፃቸው በነፋሱ መሃል እየተቆራረጠ። «ውጭ የቀረብኝ ልጅ አለ?»

ዊላ አጠገቧ ያለውን የሃርላንን ቀዝቃዛ እጅ አጥብቃ ያዘች።

«የለም፣ ሚስ ኦፓል። ገብተናል።»

አሮጊቷ ሴትዮ በትከሻቸው ተደግፈው የፊት ለፊቱን በር ገፉት። ነፋሱ ገፋቸው፤ መልሰው ገፉት። ሃርላን ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጥቶ ከጎናቸው መዳፉን ሲያሳርፍ፣ በሩ ተገጠመ። ሚስ ኦፓል ቁልፉን አዞሩት፤ መወርወሪያውንም ጣሉት።